የቦቃ ፎቶ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ ወሬያቸውን ከአንድ ድረ ገጽ በሚያነቡበት ዘመን፣ የአንዲት አህያ ውርንጭላ ጠፋባት። ግንባሩ ላይ እንደ ጥጥ የነጣ ምልክት ስላለው ቦቃ ትለው ነበር። ጠዋት ከጎኗ ሣር ይግጥ ነበር፤ ቀና ብትል የለም። ስትጣራ ውላ ድምጿ ሰለለ። አንበሳ ደግሞ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ውሃ ሊጠጣ በአቅራቢያው ወዳለው ወንዝ ይወርዳል።

የቀራት መንገድ ፎቶውን በድረ ገጹ ማስለጠፍ ብቻ ነው። ድረ ገጹን የያዘው ግን ጅብ ነበር። አህያ ከጅብ ደጃፍ ልትለምን! ቢሆንም ሄደች።

«አያ ጅቦ፣ ልጄ ጠፍቶብኛል፤ እባክዎ ይህን ፎቶ ይለጥፉልኝ።»

ጅብ ፎቶውን አይቶ ምራቁን ዋጠ። «ትልቅ ነው የማደርገው! ጭኑ ተራራ አክሎ እስኪታይ!» አለና አራት ሺህ ፒክስል ስፋቱን ሳይነካ ጫነው።

አህያዋ ስልኳን ከፍታ ጠበቀች። አንድ ጆሮ ብቅ አለ። ቆመ። ስንት ቆይቶ ሁለተኛው ጆሮ መጣ። ከቆላ ድኩላ ደወለች፤ «እዚህ ኔትወርኩ ደካማ ነው፤ ፎቶው ከጆሮ በታች አልወርድ አለን። የማን ልጅ ነው?»

«ኧረ ያሳንሱልኝ!» ብላ አህያዋ ጅብ እግር ላይ ወደቀች።

ጅብ ተቆጣ። «ትልቁን ከጠላሽ እንቺ!» ብሎ ፎቶውን ጥፍር አሳከለው። አሁን ወዲያው ተከፈተ፤ ነጩ ምልክት ግን አይለይም። «የጠፋችው ጥንቸል ናት እንዴ?» ብሎ ከርከሮ ጻፈ። የዛፎቹ ጥላ እየረዘመ ሄደ።

ይህን ሁሉ ከቁጥቋጦ ሥር ስታይ የቆየች ቀበሮ ወደ ጅብ ጠጋ አለች። «አያ ጅቦ፣ ጉድህ ፈላ» አለች በሹክሹክታ። «ጌታችን አንበሳ ገጹን በስልኩ ሊያይ ነው አሉ። ፎቶው ከስልኩ ቢተርፍ ወይም ጥፍር ቢያክል ማንን እንደሚበላ አንተ ታውቃለህ።»

ጅብ ጅራቱን እግሮቹ መሃል ወሸቀ። «እና ምን ላድርግ?»

«ከበስተኋላው ያለውን ሜዳ ቁረጠው። ስፋቱን ወደ ስምንት መቶ ፒክስል አውርደው፤ ለስልክ ይበቃል። ግንባሩ ግን ጥርት ብሎ ይታይ።»

ጅብ እንዳለችው አደረገ። ወዲያው የአህያዋ ስልክ ጮኸ። ጦጣ ነበረች፤ «ይህን ግንባር እያየሁት ነው! ወንዙ ዳር ረግረግ እስከ ሆዱ ውጦታል። ፍጠኚ! አንበሳው ሲወርድ ከዛፍ ላይ ሆኜ ይታየኛል!»

አህያዋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። ጋማውን ነክሳ ሳበች። ጭቃው አልለቅ አለ። ከማዶ ሣሩ ተንቀሳቀሰ። ቦቃ ሊጮህ አፉን ሲከፍት «ዝም በል፣ ልጄ!» አለችና ባላት አቅም ሁሉ ወደ ኋላ ተወረወረች።

አንበሳው ውሃው ዳር ሲደርስ ያገኘው ጭቃው ላይ ውሃ እየሞሉ ያሉ አራት ጉድጓዶች ብቻ ነበር።

ከዚህ የምንማረው ፎቶ በሚለጥፈው ስስት ወይም ቁጣ ሳይሆን በሚያየው ዓይንና በያዘው ስልክ ልክ ሊመጠን እንደሚገባ ነው።