እመት ጃርትና ሁለቱ ቤት ፈላጊዎች

ድሮ ድሮ፣ አራዊት እንደ እኛ ቤት ሲያከራዩና ሲከራዩ፣ ስሙ በጠፋብን አንድ አገር ባሏ የሞተባት እመት ጃርት ትኖር ነበር። ገደል ሥር ያለው ጉድጓዷ ሁለት ክፍል ነው። በአንዱ እሷና ልጆቿ ይኖራሉ፤ አንዱ ባዶ ነው። ክረምቱ ገባ፣ ምግብ አለቀ። «በየወሩ አንድ ቁና ድንች ለሚሰጠኝ አከራያለሁ» ብላ አስወራች።

መጀመሪያ አያ ጅቦ እየተጎማለለ መጣ።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለችው።

«የአያ አንበሶ ግምጃ ቤት ጠባቂ ነኝ! ደሞዜ በየወሩ አንድ ሙክት ነው።»

«ማን ዘንድ ነበርክ?»

«እመት አህያ ዘንድ። ግን አትልፊ፣ ሩቅ አገር ሄዳለች።»

«አፍ ሁሉ ማር ነው፤ እስቲ ጎረቤት ልጠይቅ» አለች እመት ጃርት።

ቀጥሎ አያ ሽኮኮ አቧራ እንደለበሰ መጣ።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«ቋሚ ሥራ የለኝም እመት። ሲገኝ አርማለሁ፣ ሲገኝ ማሳ እጠብቃለሁ። ሲጠፋ ደግሞ ጦሜን አድራለሁ።»

«ታዲያ ኪራዩ ከየት ይመጣል?»

«ከላቤ። ሥራ ያጣሁ ለት ሳትጠይቂኝ እነግርሻለሁ። የቀድሞ አከራዬን እመት ቆቅን ጠይቂ።»

«ቀድሞ መንገር ሆድ ይሞላል እንዴ?» አለች በልቧ። የልጆቿን ረሃብ ስታስብ ልቧ ወደ ሙክቱ አዘነበለ። ቢሆንም፦ «አፍ ሁሉ ማር ነው፤ እስቲ ጎረቤት ልጠይቅ» ብላ ተነሣች።

አህያ ደጅ ደርሳ ብትጣራ መልስ የለም። ኤሊ ከአጥር ሥር አንገቷን ብቅ አደረገች።

«ማንን ነው? አህያንማ ተከራይዋ በላት! ሲገባ ሙሉ አህያ ነበረች፤ ሲወጣ አራት ሰኮና ቀረ።»

እመት ጃርት እሾኋ ሁሉ ቆመ። ከዚያ ሽኮኮ ወደ ነበረበት፣ ወደ እመት ቆቅ ሄደች።

«አያ ሽኮኮ?» አለች ቆቅ። «በድርቁ ዓመት ኪራይ አጉድሎብኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ሳልጠይቀው መጥቶ ነገረኝ። እዳውን እስኪጨርስም ጫጩቶቼን ከጭልፊት ጠበቀልኝ። ቋጥኙ ተንዶ ባይለያየን ዛሬም እኔ ዘንድ ነበር።»

እመት ጃርት ቤቱን ለሽኮኮ ሰጠች።

አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ በንዴት ነደደ። «ከሥራ ፈት አሳነሰችኝ! ቤቱንም ልጆቿንም እወስዳለሁ» ብሎ በጫካው ተደብቆ መጣ። ሽኮኮ ከድንጋዩ ላይ ሆኖ አየውና በኃይል አፏጨ። እመት ጃርት ልጆቿን ወደ ውስጥ ከታ፣ ጀርባዋን ወደ በሩ አዙራ ጠበቀች። ጅቦ ጭንቅላቱን ሲያስገባ እሾሁ ሁሉ አፍንጫው ላይ ተሰካ። «ኡኡ!» እያለ አገር ጥሎ ጠፋ።

በሚቀጥለው ወር ሽኮኮ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «እመት፣ ዛሬ ሥራ አጣሁ።»

እመት ጃርት ሳቀች። «ግባ፣ ያለችውን እንካፈል። ልጆቼ በሕይወት ያሉት በማን ሆነና!»

ለዚህ ነው አበው፦ «ሥራ በኋላ ይገኛል፤ አመል አብሮ ይገባል» የሚሉት።