ልጁን አላወርድም ያለው አንቀልባ

ድሮ ድሮ፣ አውሬውም ዕቃውም አፍ አውጥቶ ይናገር በነበረበት ዘመን፣ ታንጉት የምትባል ዝንጀሮ ገደል አፋፍ ላይ ትኖር ነበር። ቢሻው የሚባል አንድ ልጅ ነበራት። አራት ዓመት ሞልቶታል፤ ዛሬም ግን በአንቀልባ ይታዘላል። አራት ዓመት ሙሉ! እስቲ አሁን ይሄ ምን ይባላል?

ነገረኛው አንቀልባው ነው። «ልጁ ከወረደማ እኔን ማን ይፈልገኛል?» ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱን ግን ፍቅር ነው ይላል።

አንድ ቀን የሰፈሩ ግልገሎች ከድንጋይ ድንጋይ ሲዘሉ ቢሻው አየ። «እማዬ፣ አውርጂኝ! እኔም ልዝለል!»

«ኧረ በስማም! እግሩ ቢሰበርስ?» አለ አንቀልባው። ታንጉት ደነገጠችና አላወረደችውም።

በማግስቱ ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠላጠሉ አየ። «እማዬ፣ አውርጂኝ! እኔም ልንጠልጠል!»

«ኧረ በስማም! እጁ ቢወልቅስ?» አሁንም አላወረደችውም።

በሦስተኛው ቀን ሜዳው ላይ ሲሯሯጡ ሲያይ ቢሻው አንጀቱ አረረ። «እኔ እግር የለኝም እንዴ?» ብሎ ጮኸ።

«ኧረ በስማም! ቢወድቅስ?»

ይሄኔ ሜዳው ራሱ ተቆጣ። «ይውደቃ! አንቺ ታንጉት፣ አንቺስ እኔ ላይ እየወደቅሽ አይደል እንዴ ያደግሽው? ልጅሽን ምነው ከለከልሽኝ?» ታንጉት አፈረች፤ አፍራም ልጇን እንዳዘለች ሄደች።

ወዲያው ነብር መጣ። ግልገሎቹ ሁሉ ገደሉን ሽቅብ ቧጠው አመለጡ። ታንጉትም ሞከረች፤ ልጁ ግን ከብዷል፣ አቃታት። አንቀልባውን ፈታችና «ውጣ ልጄ!» አለችው። ቢሻው ድንጋዩን ቢጨብጥ እጁ ከዳው፤ ቢረግጥ እግሩ ተንቀጠቀጠ።

«አልችልም እኮ! መቼ ለቀቅሽኝና!» ብሎ አለቀሰ።

ነብሩ ደርሶ የቢሻውን ጅራት ነከሰ። ታንጉት በንዴት አንቀልባውን ፊቱ ላይ ወረወረችበት፤ ነብሩ የአንቀልባውን ቆዳ ሲቦጫጭቅ ልጇን እየገፋች፣ ግልገሎቹም ከላይ እየጎተቱ አወጡት። የጅራቱ ግማሽ ግን ነብሩ አፍ ውስጥ ቀረ።

ታንጉት እያለቀሰች ጎንበስ አለች። «ና ልዘልህ፣ የኔ ጌታ።»

«እምቢ! በእግሬ ነው የምሄደው!» አለ ቢሻው። ሁለት እርምጃ ሄዶ ወደቀ። እናቱ አፏን በእጇ ያዘች፤ ግን አላነሣችውም። ራሱ ተነሣ።

ስሙኝ እንግዲህ! ከትንሽ ድንጋይ እንዳይወድቅ የከለከላችሁትን ልጅ ለገደል ነው ያቆያችሁት። ተረቴ ይሄው ነው፤ በሉ አሁን የታቀፋችኋቸውን ልጆች አውርዷቸው።