ወጌሻው የማይደርስበት ቦታ

አንድ ወጌሻ ነበር፤ ስሙ ይርዳው። አውራ ጣቱ ዓይን አለው ይሉታል። የተጎዳ ሰው ሲመጣለት ከዳር ጀምሮ በቀስታ እየተጫነ "እዚህ ጋ? እዚህስ?" ይላል። ሰውየው ጥርሱን ነክሶ "ምንም አላመመኝም" ካለ ይቆጣል።

"ጩህ እንጂ! ለኔ ጀግና አትሁንብኝ። መንገድ የሚያሳየኝ ጩኸትህ ነው።"

እውነቱን እኮ ነው። ክንድ ሲያብጥ ከላይ እስከ ታች የሚያም ይመስላል። በጣት ሲፈለግ ግን አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ሰውየው ብድግ ይላል። ብዙውን ጊዜ ጉዳቱ እዚያች ጋ ነው።

መንደሩ ታዲያ ይርዳውን ያከብረዋል እንጂ አይቀርበውም። እናቶች ልጅ ሲያስቸግራቸው "ዋ! ወጌሻውን እጠራልሃለሁ" ይላሉ። ሰላምታው ሁሉ ከሩቅ ነው። "እጁን ከጨበጥከው ያልነበረ ስብራት ያገኝብሃል" እየተባለ ይሳቃል። እሱም አብሮ ይስቅና ወደ ባዶ ቤቱ ይገባል።

አንድ ቀን የጎጆውን ክዳን ሲጠግን ተንሸራቶ በጀርባው ወደቀ። ቀኝ ክንዱ አልነሳ አለው። ትከሻው ወልቆ ከሆነ መሳብ አለበት። አጥንቱ ተሰንጥቆ ከሆነ ግን መሳቡ እጁን ያጠፋዋል፤ እንጀራው ደግሞ ያ እጅ ነው። ለመለየት ከፊት በኩል ዳበሰ። ከኋላ ግን ግራ እጁ አልደርስ አለው።

ሰው ሊጠራ በሩ ላይ ቆመ። አፉን ከፈተ፤ ማንን እንደሚጠራ ግራ ገባውና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ገመድ አምጥቶ አንዱን ጫፍ ከምሰሶው፣ ሌላውን ከእጁ አሰረ። "ወልቆ ነው" አለ ለራሱ። ብቻውን ሊያክመው የሚችለው የወለቀ ከሆነ ብቻ ነበርና።

ሊስብ ሲል ጎረቤቱ ትብለጥ የተዋሰችውን መጥረቢያ ልትመልስ ገባች። አምና ቁርጭምጭሚቷ ሲጎዳ ያሻት እሱ ነው።

"ምነው አያ ይርዳው፣ ራስዎን እንደ ጥጃ ከምሰሶ አሰሩ?"

"ምንም አይደል። መጥረቢያውን አስቀምጪና ሂጂ።"

ትብለጥ አልሄደችም። ገመዱን ፈታችና ከኋላው ቆመች። "እዚህ ጋ?"

"አያመኝም።"

"እዚህስ?"

"አያመኝም አልኩሽ እኮ!"

"ለኔ ጀግና አይሁኑብኝ" አለችና ጣቷን ከትከሻው ዝቅ አድርጋ ተጫነች።

ይርዳው ጮኸ። ጎረቤት እስኪሰማ ጮኸ።

"ተሰንጥቋል" አለ እያለከለከ። "ስቤው ቢሆን ኖሮ እጄ አልቆለት ነበር።"

ትብለጥ በነጠላዋ ክንዱን ከደረቱ ጋር እያሰረች፣ "ቤታችን እኮ አጥር ለአጥር ነው፤ ምነው አልጠሩኝም?" አለችው።

ይርዳው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻውን ስትነካው እንኳ እንዲህ አልሸሸም ነበር።

"እዚህም ጋ ነው ለካ" አለች ቀስ ብላ። መጥረቢያውን ጥግ አስደግፋ ከአጠገቡ ቁጭ አለች።

ሰው ሲነኩት የሚሸሽበት ቦታ ካለ፣ ጉዳቱን ፈልጉት፤ እዚያው አካባቢ አታጡትም። ጀርባችን ላይ ያለው ጋ ደግሞ፣ የቱንም ያህል ጥበበኛ ብንሆን፣ የሰው ጣት እንጂ የራሳችን አይደርስም። ሁልጊዜ "ደህና ነኝ" የሚላችሁ ያ ሰው፣ "እዚህ ጋስ?" ብሎ የጠየቀው አለ?