ከሁሉ የጠቆረው ጥቁር

ጋሽ ድንበሩ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ገዙና ጎረቤቱን ለዋንጫው ኳስ ጠሩ። ሰው ቦታ ቦታውን ከያዘ በኋላ ግን «ፒክስል፣ ኮንትራስት» እያሉ ስለ ስክሪኑ ማስተማር ጀመሩ። አንዲት ምላሰኛ ልብስ አጣቢ ጎሉ እንዳያመልጣት ሰግታ፣ «ጋሼ፣ ትምህርቱ ከኳሱ በኋላ ይሁንልን» አለች።

ጋሽ ድንበሩ ደማቸው ፈላ። «ኮንትራስት ምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ ውጪልኝ!»

«ያስረዱኝና ልንገርዎት።»

«ጥቁሩን አጥቁሮ የሚያሳይ ነው! ከዚህ የጠቆረ ጥቁር በሰፈሩ ማንም ቤት አታገኚም!»

ይህን ከማለታቸው መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

«አሁን ገባኝ ጋሼ» አለች ልብስ አጣቢዋ ከጨለማው ውስጥ። «ግን ለዚህ ብለው ቴሌቪዥን መግዛት ምን አለፋዎት? እንዲህ ያለው ጥቁርማ እኛም ቤት በየማታው በነጻ ይታያል።»