የመብረቅ ክስ

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዶክተር አስፋቸው የጎረቤታቸውን የጋሽ ደባልቄን ውሻ ከስሰው የቀበሌ ፍርድ ቤት አቀረቡት።

ዶክተሩ የደም ሥር በስብ እንዳይደፈን ይከላከላል የሚሉትን መድኃኒት በጥንቸሎች ላይ የሚሞክሩ ተመራማሪ ናቸው። ጥንቸሎቹ ጠዋት ቅቤ፣ ማታ ቅቤ ይበላሉ፤ ከላዩ መድኃኒቱ ይሰጣቸዋል። የሰፈሩ ሰው፣ እኛ ሽሮ እየበላን ጥንቸል በቅቤ ትኑር እያለ ያማቸዋል። ታዲያ ከጥንቸሎቹ አንዷ በአጥር ሾልካ ወጣችና በጋሽ ደባልቄ ግቢ ተበላች። ውሻው መብረቅ ይባላል። ስሙ የወጣለት ግን በወጣትነቱ ነው፤ ዛሬ የኋላ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ፍርድ ቤትም የመጣው በጋሪ ነው።

ዶክተሩ የብዙ ጊዜ ልፋታቸው በአንድ ጉርሻ እንደጠፋ ገልጸው ውሻው እንዲገደል ጠየቁ። ዳኛዋ ወይዘሮ የሺመቤት ማስረጃ ቢሏቸው ወደ መብረቅ አመለከቱ። ጢሙ ላይ ነጭ የጥንቸል ፀጉር እንደተጣበቀ ነው። ዳኛዋ ሊጽፉ ብዕራቸውን ሲያነሱ ጋሽ ደባልቄ ከመፈረዱ በፊት ከሳሹን ልጠይቅ አሉ። ተፈቀደላቸው።

«ዶክተር፣ ያቺ ጥንቸል መድኃኒቱን ወስዳ ነበር?»

«እንዲያውም ከሁሉም አብልጣ የወሰደችው እሷ ናት።»

«ሠርቶላታል?»

ዶክተሩ ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ሲፈልጉ የኖሩ ይመስል ፊታቸውን ወደ ታዳሚው አዞሩ። ደም ሥሯ እንደ አዲስ ቧንቧ የጠራ እንደነበር፣ ያን ሁሉ ቅቤ በልታ ስትሮጥ እንኳን ሌላ እንስሳ ነፋስ እንደማይደርስባት፣ መድኃኒቱም በቅርቡ ለሰው እንደሚሰጥ በሰፊው አስረዱ።

ጋሽ ደባልቄ ዶክተሩ እስኪጨርሱ ጠብቀው ወደ ዳኛዋ ዞሩ።

«ክብርት ዳኛ፣ መብረቅን ከጋሪው ያወረድነው ለሁለት ተሸክመን ነው። ያቺን ጥንቸል አባሮ ይዟት ከሆነ መድኃኒቱ አልሠራም። መድኃኒቱ ሠርቶ ከሆነ ደግሞ መብረቅ አልያዛትም። ዶክተር አንዱን ይምረጡልንና እርስዎ ይፍረዱብን።»

ዶክተር አስፋቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉት። መብረቅ እግራቸው ሥር ተኝቶ ጢሙን ይልሳል። ብዙ አስበው ሲያበቁ፣

«ሌላ ውሻ ነው የበላት» አሉ።