በምርኮኞች ድልድይ ላይ የተተረጎመው ቃል

ምስጋና ልቦች የሚደብቁትን ለሚያውቀው ለአላህ፤ ሰላትና ሰላም ወዳጅም ጠላትም አማናውን፣ አደራውን ሲያስቀምጥባቸው አንድም ቀን ላላጎደሉት ነቢይ ይሁን።

በሻም፣ በሶርያ ምድር ጠረፍ፣ ተራራው ወደ ወንዝ በሚወርድበት ቦታ አንዲት አሮጌ ከተማ ነበረች። ዘመኑ እስልምና ከሒጃዝ ተነስቶ ሻምንና ምስርን (ግብፅን) ካዳረሰ ገና ሦስተኛው ትውልድ ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው አገር የቆስጠንጢንያው ቄሳር ነው፤ ሰዎቹን ሙስሊሞች ሩም ይሏቸዋል። ከሩሞችም ወዲያ፣ ፀሐይ በምትጠልቅበት በኩል፣ ፍራንኮች የሚባሉ ሕዝቦች የራሳቸውን መንግሥት እያደላደሉ እንደሆነ ነጋዴዎች ያወሩ ነበር። ለዚያች ከተማ ሰው ግን ዓለም ለሁለት የተከፈለችው በወንዙ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር አንዱ ወገን ይሻገራል፤ ከብት ይነዳል፣ ሰው ይማርካል። በሚቀጥለው በጋ ደግሞ ሌላው ይመጣል።

የከተማዋ ዘበኞች አለቃ ዲራር ይባላል። ታላቅ ወንድሙ አንድ ማለዳ በሙስሊም ልብስ ለመጣና ሰላምታ ላቀረበ ሰው በር ከፍቶ፣ እዚያው በሩ ላይ በጩቤ ተወግቶ ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ዲራር «አሰላሙ ዓለይኩም» የሚለውን ሰው እጅ ሳያይ መልስ አይሰጥም። ውሃ የሚቀዱትን ሴቶች ሳይቀር ይቆጥራል። የሚወጡትንም የሚገቡትንም።

በዚያ ዓመት የሁለቱ ወገን ሹማምንት ምርኮኛ ሊለዋወጡ ተስማሙ። ስልሳ ሰው ከዚህ፣ ስልሳ ሰው ከዚያ፣ በወንዙ ድልድይ ላይ አንድ ባንድ። የከተማዋ አሚር በሁለቱ መካከል ቃል አመላላሽ እንዲሆኑ የመረጡት ሸይኽ ሐንዞላን ነው። ሸይኹ ኮርቻ ሰፊ ናቸው። በወጣትነታቸው ሰባት ዓመት በሩም አገር ተማርከው ስለኖሩ ቋንቋውን እንደ ባለአገር ይናገሩታል። አንድ ልጃቸው ሙዓዝም ከሁለት ዓመት በፊት ተማርኮ፣ አሁን ከሚመለሱት ስልሳዎቹ አንዱ ነው።

ዲራር ምርጫውን አልወደደውም። «ልጁ በጠላት እጅ ያለ ሰው፣ እኛ በማናውቀው ቋንቋ ከጠላት ጋር እንዲነጋገር መተው ምን ማለት ነው?» አለ አሚሩን። አሚሩም «ታዲያ ሌላ ማን ይችላል?» ብለው አለፉት።

እሱ ግን አላለፈውም። ሸይኹ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከዓስር ሰላት ቀጥሎ የሩም ምርኮኞች ወደታሰሩበት ግቢ ዳቦ ይዘው ይሄዳሉ፤ ዲራርም ራቅ ብሎ ይከተላቸዋል። ተቀምጠው ያወራሉ። ንግግሩ ቀስ ያለ፣ ረጅም ነው። አንድ ቀን ኒቄጣስ የሚባል ግንበኛ አንድ ነገር ሲናገር ሸይኹ ከልባቸው ሳቁ። ዲራር ሲወጡ ጠብቆ ያዛቸው።

«ሸይኽ፣ ምን አስቆዎት ነው?»

«ሚስቱ ዓሣ ስትጠብስ ሁልጊዜ ታሳርርበት ነበር አሉ። አሁን ያ ያረረው ዓሣ ናፈቀኝ አለኝ።»

ዲራር ፊታቸውን አጠና። አላመናቸውም። ለዓሣ እንዲህ አይሳቅም ብሎ አሰበ።

ስለዚህ በድብቅ ዋቂድን አስጠራ። ዋቂድ ሳሙና የሚያፈላ ሰው ነው፤ እናቱ ከሩም ወገን ስለነበረች ቋንቋውን ይሰማል። ወንድሙ ከሚመለሱት ምርኮኞች መካከል እንደሆነ ዲራር ያውቃል፤ እንዲያውም ይህ የበለጠ ያተጋዋል አለ።

«የልውውጡ ቀን ከእኔ አትራቅ» አለው። «ሽማግሌው አንዲት ቃል ቢያዛባ ወዲያው ትነግረኛለህ። ይህን ከአንተና ከእኔ በቀር ማንም አያውቅም።»

«እሺ፣ አለቃ» አለ ዋቂድ።

ዲራር በዚህ ብቻ አልበቃውም። አሚሩን አስፈቅዶ መቶ ቀስተኞች በወንዙ ዳር ሸምበቆ ውስጥ አስደበቀ።

ቀኑ ደረሰ። ፀሐይ ከፍ ስትል ሁለቱ ወገኖች በድልድዩ ግራና ቀኝ ቆሙ። አሚሩ ልውውጡ ተፈጽሞ ሁሉም ወደየቤቱ እስኪገባ ድረስ ማንም እንደማይነካ በአላህ ስም ማሉ። ሸይኽ ሐንዞላም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መሐላውን ለሩሞቹ አደረሱ። የሩሞቹም አዛዥ ማለ፤ ሸይኹ የሱንም ተረጎሙ። ዲራር በዓይኑ ጠቀሰ፤ ዋቂድ «ልክ ነው» በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ እየተነሱ መሻገር ጀመሩ። አንድ ሙስሊም የኛን ዳር ሲረግጥ ሕዝቡ «አላሁ አክበር!» ይላል። ማዶም የእነሱ ሰው ሲደርስ «ጌታ ሆይ ማረን!» እያሉ በቋንቋቸው ይጮሃሉ። ሃያ ሁለት ሰው እንዲህ ተሻገረ። ሃያ ሦስተኛው ኒቄጣስ ነበር።

ኒቄጣስ ከድልድዩ መሐል አልፎ ወደ ወገኖቹ ሲቃረብ ድንገት ቆመ። እጁን ወደ ከተማዋ ዘርግቶ በረጅሙ ጮኸ። ማዶ የነበሩት ወታደሮች ሁሉ አንገታቸውን ወደ ቅጥሩ አዞሩ።

«ምን አለ?» አሉ አሚሩ።

ሸይኹ ሌላ ጊዜ ሁሉ ቃሉ ከሰውየው አፍ እንደወጣ ነበር የሚተረጉሙት። አሁን ግን ዝም አሉ። ፊታቸው ገረጣ። ዲራር ይህን ሲያይ ያዝኳቸው አለ በሆዱ። ዋቂድን ክንዱን ይዞ ሳበው።

«ምን ነው ያለው? ቶሎ!»

«ምንም አይደለም፣ አለቃ» አለ ዋቂድ በሹክሹክታ። «ለአገሩ ሰዎች ሰላምታ ነው።»

በዚያው ቅጽበት ሸይኽ ሐንዞላ ተናገሩ። ድምፃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቃላቸው ግን ጥርት ያለ ነው።

«አሚራችን፣ ሰውየው እንዲህ አለ፦ ‹በሰሜን በር በኩል ያለው ግንብ ውስጡ ባዶ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ ሰንጥቆታል። የቆመው በልስኑ ብቻ ነው።›»

ከመንቀጥቀጡ በኋላ ያን ግንብ በምርኮኛው በኒቄጣስ ያስለሰነው ዲራር ራሱ ነበር። ሽማግሌውን በየቀኑ ሲከተል፣ ግንበኛው ልስን እየለቀለቀ የሚያየውን ማንም እንዳልጠበቀው አሁን ገባው።

ግን ሁለት ቃል በፊቱ አለ፤ ከሁለቱ አንዱ ውሸት ነው። ማዶ ተመለከተ። ሙዓዝ ከሰልፉ መጨረሻ አካባቢ ከስቶ፣ ጠቁሮ ቆሟል፤ ዓይኑን ከአባቱ ላይ አልነቀለም። ልውውጡ ከተቋረጠ እዚያው ይቀራል። «ሰላምታ ነው» ማለት ለሽማግሌው ምን ይከብዳቸው ነበር? ዲራር ወደ ዋቂድ ዞረ።

«ወላሂ በለኝ።»

ዋቂድ መማል አልቻለም። ከዚያ እንባው መጣ። «ወንድሜ ሠላሳ አንደኛ ነው» አለ። «ስምንት ሰው ብቻ ነው የቀረው፣ አለቃ። ስምንት ሰው!»

አሚሩ ይህን ሰሙ፤ ፊታቸው ጠቆረ። «እነዚህ ወታደሮች ወሬውን ይዘው ከሄዱ ከተማችን አለቀላት። ዲራር፣ ቀስተኞቹን አስነሳ። አንዳቸውም ከወንዙ ዳር አይመለሱ።»

ሸይኽ ሐንዞላ በአሚሩ ፊት ቆሙ። ማዶ ያሉት መዘግየቱን አይተው እጃቸውን ወደ ሰይፋቸው ሰደዋል።

«አሚራችን፣ ይህን አያድርጉ። መሐላዎን ለእነሱ ያደረስኩት በዚህ ምላስ ነው። ማንም አይነካም ብዬ በአላህ ስም ነግሬያቸዋለሁ።»

«ሰውየው ምስጢራችንን አወጣ እኮ!»

«ያየውን ተናገረ። እንዳይናገር ማን አስማለው? እኔ አላስማልኩትም። እርስዎም አላስማሉትም። የማልነው እኛ ነን።»

«ከተማዋስ?»

«ግንቡ ዛሬ አይወድቅም። ከቀትሩ የዙሁር ሰላት ጀምሮ እጅ ያለው ሁሉ ይሥራ። እነዚህን ሰዎች ከገደልን ግን ከዛሬ በኋላ አንድም ሙስሊም ምርኮኛ በዚህ ድልድይ አይመለስም። ነገ በአላህ ፊትስ ምን እንላለን?»

አሚሩ ወደ ዲራር ተመለከቱ። ዲራር ከሁሉ ይልቅ ደም የሚፈልግ ሰው እንደሆነ ያውቃሉ። እሱ ግን አንገቱን ደፍቶ «ግንቡን ያስለሰንኩት እኔ ነኝ» አለ። «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አሚር። ሸይኹ ያሉት ይሁን።»

አሚሩ ቀስተኞቹን ለማስነሳት ያነሱትን እጅ አወረዱ። «ይቀጥል» አሉ።

ሃያ አራተኛው ተሻገረ። ሠላሳ አንደኛው ሲመጣ ዋቂድ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ሙዓዝ ሃምሳ አምስተኛ ነበር። የኛን ዳር ሲረግጥ ሸይኹ አልሮጡም፤ ገና አምስት ሰው ይቀራል፤ የእያንዳንዱ ስም በሁለቱም ቋንቋ መነገር አለበት። የልጃቸውን እጅ በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸው እየፈሰሰ፣ እስከ ስልሳኛው ድረስ ስም መጥራታቸውን ቀጠሉ።

ከዙሁር በኋላ የከተማዋ ሰው በሙሉ ወደ ሰሜን በር ወጣ። ልስኑ ሲፈነቀል የተባለው ሁሉ እውነት ሆኖ ተገኘ። ዲራር ዋቂድን ሊያስገርፈው ፈልጎ ነበር፤ ሸይኹ ግን «ወንድሙን ወድዶ ነው የተሰናከለው፤ ተጸጽቶ ተውበት አድርጓል» ብለው አማለዱለት። ዋቂድም ከወንድሙ ጋር ኖራ ተሸከመ። ግንቡ በአሥራ ዘጠኝ ቀን ተሞላ። በሃያ አምስተኛው ቀን የሩም ፈረሰኞች መጡ፤ በሰሜኑ በኩል ዞሩ፣ አዲሱን ድንጋይ አዩ፣ ተመለሱ።

በሥራው መሐል ዲራር ውሃ ይዞ ወደ ሸይኹ ቀርቦ ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ «ሸይኽ፣ አውፍ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ልጅዎ ማዶ ቆሞ እያየዎት ያን ቃል እንዴት አወጡት?»

ሸይኹ ውሃውን በሦስት ትንፋሽ ጠጥተው «አልሐምዱሊላህ» አሉ። ከዚያም እንዲህ አሉት፦

«ልጄን የለመንኩት አላህን ነው። ውሸትን አልለመንኩም።»

እንግዲህ ይህን ቃል እናስተውለው። እኛ የምንጠረጥረው አብዛኛውን ጊዜ ቋንቋውን የማናውቀውን ሰው ነው። ዲራር የሽማግሌውን ሳቅ ሲመረምር ሰነበተ፤ ውሸቱ የመጣው ግን እሱ ራሱ ካቆመው ጆሮ ነው፤ አደጋውም እሱ ራሱ ከሰጠው ትእዛዝ። ዋቂድም ክፉ ሰው አልነበረም። የሚወደውን ሰው በእጁ ለማስገባት በጣም ስለቸኮለ ብቻ፣ ያ ወንድሙ የሚያድርባትን ከተማ ለጠላት ክፍት ሊተዋት ነበር። ብዙዎቻችን የምንዋሸው ለጥፋት ብለን አይደለም፤ ለምንወደው ነገር ስንል ነው። ሸይኽ ሐንዞላ ግን ለወገናቸው እውነቱን ሳይደብቁ፣ ለባላጋራቸውም ቃል ኪዳኑን ሳያፈርሱ፣ በሁለቱ መካከል ለብቻቸው ቆሙ። እዚያ ቦታ ላይ ሲቆሙ ልጃቸው እንደሚመለስ የነገራቸው ማንም አልነበረም።