በጃርት ጤና የቀናው ዝንጀሮ

አውሬው ሁሉ እንደ እኛ በሚያወራበት፣ ዛፉም ሲጠሩት «አቤት» በሚልበት በጥንት ዘመን፣ ስሟን ዛሬ ማንም በማያስታውሳት አገር፣ ገደል አፋፍ ላይ አንድ ዝንጀሮ ይኖር ነበር። ከገደሉ ሥር ደግሞ ጎረቤቱ እመት ጃርት ትኖር ነበር። ሁለቱም በአንድ ክረምት የተወለዱ እኩያሞች ናቸው።

ዓመት ዓመትን ሲተካ የአያ ዝንጀሮ ጠጉር ሸበተ፣ ድዱ ቆሰለ፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ ይቆራረጥ ጀመር። ጠዋት ጠዋት አፋፉ ላይ ተቀምጦ እየሳለ ቁልቁል ሲመለከት፣ እመት ጃርት እሾኋን እያንኳኳች አንዴ ሥር ስትምስ፣ አንዴ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትገባ ያያታል። ዓይኗ ጥርት ያለ፣ እግሯ ፈጣን፤ ሳል የለ፣ ቁስል የለ።

«አንድ ክረምት ወልዶን!» ይላል ለራሱ። «እኔን እንዲህ አድርጎ እሷን እንዴት እንዲያ ያደርጋታል? የሆነ ነገርማ ትበላለች።»

እንቅልፉ አልጥመው ሲል አንድ ቀን ወርዶ ደጇ ቆመ።

«እመት ጃርት፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዜር ይመስገን፣ አያ ዝንጀሮ። ምነው ከሳህ?»

«እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ ነው። ምን ብትበዪ ነው እንዲህ ያማረብሽ?»

እመት ጃርት ሳቀች። «ምን እበላለሁ ብለህ! ወቅቱ ያመጣውን ነዋ። አጋም ሲደርስ አጋም፣ ዶቅማ ሲደርስ ዶቅማ፣ እንጆሪ ሲቀላ እንጆሪ። ጠቆር ያለውን ፍሬማ ከነልጣጩ ነው የምበላው። ገበሬው ዝናብ ላይ ጥሎት የሄደውን ማረሻ አይተህ የለ? ገላም እንደዚያ ነው፤ ውስጥ ውስጡን ይዝጋል። ፍሬው ዝገቱን ያዘገየዋል።»

«ያስቀረዋል?»

«ኧረ የምን ማስቀረት! ያዘገየዋል አልኩህ እንጂ።»

አያ ዝንጀሮ ወደ አጋሙ ሮጠ። ሆዱ እስኪነፋ በልቶ ወንዝ ወረደና መልኩን በውሃው አየ። ሽበቱ እንዳለ ነው።

«አሃ! ደብቃኛለች!» አለ።

በማግሥቱ ተመልሶ መጣ። «አጋሙን በላሁት፤ ምንም የለም። እውነቱን ንገሪኝ እንጂ፣ እመት ጃርት።»

«በአንድ ቀን ነው እንዴ? በል ሌላም ልንገርህ። ከዋርካው ግንድ ጉድጓድ ውስጥ ንቦች አሉ። ጠዋት ጠዋት ጠርዙ ላይ የፈሰሰውን ወለላ አንድ ጊዜ እልሳለሁ። አንድ ጊዜ ብቻ! ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ ሳል ያስታግሳል።»

አያ ዝንጀሮ ሄዶ ሁለት እጁን ከተተና የማሩን እንጀራ ገምሶ ዋጠው። ንቦቹ ከንፈሩን ነደፉት፤ ሆዱም ሦስት ቀን ሙሉ ሲያጣድፈው ሰነበተ። በአራተኛው ቀን ወንዝ ወርዶ ቢያይ፣ ሽበቱ ላይ እብጠት ተጨምሮበታል።

«ደብቃኛለች! ዋናውን ደብቃኛለች!»

እንዳበጠ ደጇ ሲቆም እመት ጃርት አዘነችለት። ገብታ ድብልብል ጥቁር ሙጫ ይዛለት ወጣች። «ንቦቹ ከእምቡጥና ከዛፍ ቅርፊት ለቅመው የቤታቸውን ቀዳዳ የሚደፍኑበት ነው። ድድህ ላይ ለጥፈው፤ ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ይረዳሃል።»

ተቀበላት። ዞር ሲል ግን ወረወረው። «ለራሷ ወለላውን፣ ለእኔ ሙጫውን!»

ከዚያን ቀን ወዲያ አያ ዝንጀሮ የራሱን መዳን መመኘት ተወ። የሚመኘው የእሷን መታመም ሆነ።

አንድ ቀን በቀትር፣ ንቦቹ የግራዋ አበባ ሊቀስሙ ሲወጡ ጠብቆ፣ ከወንዝ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ መጣ። የግንዱን አፍ ዘጋ፤ ዙሪያውን በጭቃ መረገው። ከመስክ የተመለሱት ንቦች ቢዞሩ ቢዞሩ መግቢያ አጡ። ውስጥ የቀሩትም በስንጥቅ ተሹለክልከው፣ አውራቸውን ይዘው ወጡና ሁሉም ተያይዘው ከኮረብታው ማዶ ሄዱ።

«እንግዲህ ማማርሽን እናያለን!» አለ አያ ዝንጀሮ ከአፋፉ ላይ።

ወቅቱ ሲደርስ አጋሙ አበበ፤ ረገፈ። ዶቅማውም አበበ፤ ረገፈ። አበባ ለአበባ የሚመላለስ ንብ ስለሌለ ፍሬ የሚባል ጠፋ። የሚዳቋ ግልገሎች በረሃብ አለቀሱ፤ ወፎቹ አገር ለቀቁ። እመት ጃርትም ከሳች። አያ ዝንጀሮም እንደ ሌላው ተራበ፤ እሷ ስትከሳ ሲያይ ግን ረሃቡ ቀለል ይለው ነበር።

በመጨረሻ አገሩ ሁሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰበ። በዕድሜ የሚበልጠው አባ ኤሊ፣ «ልጆቼ፣ ንቦቹ ምን አስቀየማቸው?» ብሎ ጠየቀ።

እመት ጃርት ተነሣች። «የቤታቸውን አፍ ድንጋይ ዘግቶት አገኘሁ። ጎርፍ አምጥቶት ይሆናል። ድንጋዩን አንሥቼ ቤቱን ጠርጌዋለሁ። ፈቃዳችሁ ከሆነ ማዶ ተሻግሬ ንቦቹን ልለምን።»

«አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አለች ሚዳቋ።

«እንዲህ ከስታ እንኳ ማማሯ!» አለች ቆቅ።

«ጉልበቷስ ቢሆን!» አለ ከርከሮ። «ያን ድንጋይ ብቻዋን ማንሣቷ!»

አያ ዝንጀሮ ጆሮው ጋለ። አንገቱን ሰበረ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ አልሆነለትም። ብድግ አለ።

«ምን ሠራችና ነው! ድንጋይ መግፋት ጉልበት ሆነና ነው? ያን የሚያህል ቋጥኝ ከወንዝ ድረስ ተሸክሜ፣ በጭቃ መርጌ የዘጋሁት እኔ! እኔን አንድም ቀን ጎበዝ ያለኝ የለም!»

ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ።

«ምን አልክ፣ አያ ዝንጀሮ?» አለ አባ ኤሊ በቀስታ።

አያ ዝንጀሮ አፉን በእጁ ያዘ። ምን ዋጋ አለው!

ከርከሮ፣ «ከአገር ይባረር!» ብሎ ተነሣ። እመት ጃርት ግን፣ «ተዉት። በቆሰለ ድድ የት ሄዶ ምን ይበላል?» አለች። ማዶ ሄዳ ንቦቹን ለመነች። ንቦቹም፣ «እንመለሳለን፤ ያ እጅ ግን ሁለተኛ ቤታችንን እንዳይነካ» አሉ። አባ ኤሊም ፈረደ፤ ዝንጀሮ ወለላም ሆነ ሙጫ የሚያገኘው ከእመት ጃርት እጅ ብቻ ሆነ።

ከዚያ በኋላ አያ ዝንጀሮ በየጠዋቱ ከገደሉ ይወርዳል። አገሩ ሁሉ እያየው አፉን ይከፍታል። እመት ጃርት አንድ ጊዜ ወለላ ታስልሰዋለች፣ ድዱ ላይ ሙጫ ትለጥፍለታለች፣ እፍኝ ዶቅማ ትሰጠዋለች። ክረምት አልፎ ክረምት ሲመጣ ድዱ ጠገገ፤ ሳሉም እየተወው ሄደ።

አንድ ማለዳ እያስላሰችው ሳለ ቀረብ ብሎ አያት። የዓይኗ ዙሪያ ተጨማድዷል፤ እጇም ይንቀጠቀጣል።

«አንቺም አርጅተሻል እንዴ?»

«ምነው፣ እኩያህ አይደለሁም እንዴ? አንተ ከገደል ላይ ሆነህ የምታየው እሾሄን ነው። እሱ ደግሞ እግዜር ሲፈጥረኝም ነጭና ጥቁር ነው።»

ይህን ብላ ሳትጨርስ መንገደኛው ሁሉ፣ «እመት ጃርት፣ እንደምን አደርሽ! ኑሪልን!» እያለ ያልፍ ጀመር። እሱን ቀና ብሎ ያየው የለም። የአያ ዝንጀሮ ፊት ተኮማተረ።

«ምነው፣ ወለላው አልጣፈጠህም?» አለችው።

«መረረኝ» አለ።

የዚያ አገር ሰዎች ይህን ሰምተው ለልጅ ልጆቻቸው ነገሩ፤ ሲዞር ሲዞር እኔ ዘንድ ደረሰ፤ እኔም ለእናንተ አቀበልኩ። እነሱም ሲተርቱ እንዲህ ይላሉ፦

ቀናተኛ ማሩን ይልሳል፣ ሐሞቱን ይውጣል።